በ40 ሺህ ብር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የትኛው ላፕቶፕ ይሻላል?

ጥያቄው፦ «ልጄ ዘንድሮ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ናት፤ ሐሳቧ ሶፍትዌር ወይም ሲቪል ኢንጂነሪንግ መግባት ነው። ለላፕቶፕ 40 ሺህ ብር አጠራቅሜያለሁ። አንዱ ሱቅ ካርቶኑ ያልተከፈተ አዲስ አሳየኝ። ሌላው ደግሞ ያገለገለ ኮር አይ7 አውጥቶ ‹ከዚህ በላይ የለም፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ይበቃታል› አለኝ። አሜሪካ ያለችው እህቴ ማክቡክ ልላክላት ትላለች። እኔ ስለ ኮምፒውተር ምንም አላውቅም። ቀላል፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ቶሎ የማይበላሽ የቱ ነው?»

እንኳን ደስ አለዎት፣ እናቴ። ላፕቶፕ መጠገንና መሸጥ ሥራዬ ነው፤ የምነግርዎትም በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ ፈትቼ ከማየው ነው።

መልሴን ላስቀድም። ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይግዙላት። 14 ኢንች፣ ኮር አይ5፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈው ይዘው ይሂዱ። ኮር አይ5 የፕሮሰሰሩ፣ ማለትም የማሽኑ አንጎል ስም ነው፤ ጀነሬሽን ስንተኛ ትውልዱ እንደሆነ ይናገራል። ራም ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ ነው፤ ኤስኤስዲ ደግሞ ፋይል የሚቀመጥበት ፈጣኑ ማስቀመጫ ነው። ሞዴሉ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490 ወይም ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ቢሆን ደስ ይለኛል። ከሦስቱ የቱ ይሻላል ብለው አይጨነቁ። ከሦስቱ ንጹሕ ሆኖ ያገኙትን ይውሰዱ።

የቢሮ ላፕቶፕ የምለው ትልልቅ ድርጅቶች ለሠራተኞቻቸው በጅምላ የሚገዙትን ነው። ጥቂት ዓመት ተጠቅመው በአዲስ ይለውጡታል፤ አሮጌው ይሸጥና በዱባይ፣ በአውሮፓ ወይም በአሜሪካ በኩል እኛ ጋ ይደርሳል። እነዚህ ማሽኖች ሲሠሩ እንዲጠገኑ ታስበው ነው። የጀርባ ክዳናቸው በብሎን ይከፈታል። ራሙ ይነቀላል፣ ይጨመራል። ባትሪውም፣ ኪቦርዱም፣ ስክሪኑም ይቀየራል። ብዙ ስለገቡም መለዋወጫቸው እዚህ አገር ይገኛል። ለተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በሦስተኛው ዓመት ኪቦርዱ ቢበላሽ ኪቦርድ ይገዛሉ እንጂ ሌላ ላፕቶፕ አይገዙም።

ወደ ካርቶኑ ልምጣ። አዲስ ነገር ደስ እንደሚል አውቃለሁ፤ ለልጅ ሲሆን ደግሞ ያገለገለ መስጠት ይከብዳል። ነገር ግን በዚህ ብር አዲስ ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራምና 64 ወይም 128 ጊጋ ማስቀመጫ ያለው ነው። ብዙ የሚሸጠው ሴሌሮን ኤን4020 ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የሥራ እጅ ብቻ ነው ያለው። ያገለገለው አይ5 አራት አለው። ማስቀመጫው ብዙ ጊዜ ኢኤምኤምሲ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከኤስኤስዲ ይዘገያል፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነም አይቀየርም። ራሙም በብዙዎቹ ላይ እንደዚያው ነው። 64 ጊጋው ላይ ዊንዶውስና ኦፊስ ከተጫኑ በኋላ ለልጅቱ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። አፕዴት ሲመጣ ቦታ የለም ይላል። እንዲህ ያሉ ላፕቶፖች «ቀርፋፋ ሆነብኝ፣ አንድ ነገር አድርግልኝ» ተብለው ይመጡልኛል፤ ማድረግ የምችለው ነገር ግን እምብዛም የለም። ለሲቪል ወይም ለሶፍትዌር ተማሪ በፍጹም አልመክረውም።

ኮር አይ7 ያለዎት ባለሱቅ ደግሞ ዋናውን ነገር አልነገረዎትም። አይ7 ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ስንተኛ ጀነሬሽን እንደሆነ ነው መጠየቅ። ከአይ5 ወይም ከአይ7 ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ይዩ። 7500 ካለ 7ኛ ነው። 8250 ካለ 8ኛ ነው። 10210 ካለ 10ኛ፣ 1135 ካለ ደግሞ 11ኛ ነው። ከ7ኛ ወደ 8ኛ ሲሻገር የአይ5ና የአይ7 አምራቹ ኢንቴል በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ ኮሩን ከሁለት ወደ አራት አሳደገ። ስለዚህ 8ኛ ጀነሬሽን አይ5 ከ7ኛ ጀነሬሽን አይ7 ይበልጣል። 7500ዩ የሚባለው አይ7 ሁለት ኮር አለው፤ 8250ዩ የሚባለው አይ5 አራት። ሆኖም አይ7 የሚለው ስቲከር ስለሚያምር አሮጌው በውድ ይሸጣል።

8ኛ ላይ የምቆመው በሌላም ምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በመሠረቱ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውን ነው የሚቀበለው። ባለሱቆች በ6ኛና በ7ኛ ላይም በጓሮ በር ይጭኑታል፤ ይሠራል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ያለው ማሽን አፕዴት እንደሚቀጥል ዋስትና አይሰጥም። አራትና አምስት ዓመት ለሚማር ልጅ እዚያ ውስጥ ባይገቡ ይሻላል። ኤኤምዲ የሚባለው ሌላ ድርጅት የሚሠራው ራይዘን ፕሮሰሰር ያለው ካጋጠመዎትም አይፍሩት። መጨረሻ ላይ ያለው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር በ3 ወይም ከዚያ በላይ የሚጀምር ከሆነ፣ ለምሳሌ ራይዘን 5 3500ዩ፣ ጥሩ ነው።

«ለሴት ልጅ ይበቃታል» የተባለውንም ዝም ብዬ አላልፈውም። ልጅዎ ኢንጂነሪንግ ልትማር ነው። ወንዱ የሚከፍተውን ፕሮግራም ነው እሷም የምትከፍተው። ቀጭንና ቆንጆ ነው እያሉ ደካማ ማሽን የሚያሸክሟቸው ሴት ተማሪዎች ስለሚያጋጥሙኝ ነው ይህን የምለው። እንዲህ የሚልዎትን ሱቅ ይለፉት።

አሁን ስለ ትምህርቷ። አንደኛ ዓመት ላይ ሁሉም የጋራ ኮርስ ነው የሚወስደው። ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ የሚባለውም ኮርስ ቢሆን ከባድ ማሽን አይጠይቅም። በዚያ ዓመት ሥራዋ ከቴሌግራም የሚወርድ ሞጁልና ሀንድአውት ማንበብ፣ በወርድ አሳይንመንት መጻፍ፣ ፓወርፖይንት ማዘጋጀት ነው። ዲፓርትመንት የሚመጣው በኋላ ነው፤ እሱም በምርጫ ብቻ ሳይሆን በውጤትም ነው። ዛሬ ሶፍትዌር ያለች ልጅ ነገ ሌላ ክፍል ልትገባ ትችላለች። ስለዚህ አሁን ማንነቱ ላልታወቀ ዲፓርትመንት ብሩን ሁሉ አያፍስሱ። በኋላ የሚያድግ ማሽን ይግዙ።

ማደጉ እንዴት ነው? ቲ480ም፣ ላቲቲዩድ 7490ም፣ 840 ጂ5ም ሁለት ሁለት የራም ቦታ አላቸው። ሲገዙ 8 ጊጋው በአንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ ሁለተኛው ባዶ ነው ማለት ነው። ዲፓርትመንቷ ሲታወቅ ሌላ 8 ጊጋ ይጨመርና 16 ይሆናል። ሥራው የደቂቃዎች ነው። ሁለት ቦታ ላይ 4 እና 4 ተደርጎ ከሆነ ግን ሲያሳድጉ አንዱን መጣል ይኖርብዎታል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ስማቸው ተቀራራቢ ሆኖ ራማቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ሞዴሎች አሉ። ቲንክፓድ ኤክስ280 በጣም ቀላልና ቆንጆ ነው፤ ራሙ ግን አይጨመርም። 8 ጊጋ ያለውን ከገዙ እስከ ምርቃቷ 8 ጊጋ ነው።

ሶፍትዌር ከገባች ፓይተን፣ ጃቫ፣ ዌብ ሁሉ በ8 ጊጋ ይሠራል። የሚያስቸግረው የስልክ አፕ የሚሠራበት አንድሮይድ ስቱዲዮ ነው። ብቻውን በ8 ጊጋ ይነሳል፤ ስልክን ኮምፒውተሩ ላይ የሚያስመስለው ኢሙሌተሩ ሲከፈት ግን ማሽኑ ይታነቃል። እስኪጨመርላት ድረስ ኢሙሌተሩን ትታ የራሷን ስልክ በኬብል አገናኝታ ትሞክር። ሲቪል ከሆነች አውቶካድ ባለሁለት አቅጣጫ ሥዕል፣ የሕንፃ ጥንካሬ የሚሰላባቸው ኢታብስና ሳፕ2000 ለተማሪ በሚበቃ መጠን ይሄዳሉ። ሕንፃ በባለሦስት አቅጣጫ የሚነደፍበት ሬቪት ከመጣ 16 ጊጋ ያስፈልጋል። አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ ወይም ጤና ከገባች 8 ጊጋው ይበቃል። አርክቴክቸር ከሆነ ብቻ ነው ነገሩ የሚለወጠው። እሱ የራሱ ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ያን ጊዜ እንደገና እንነጋገራለን።

ክብደትን በተመለከተ ብዙ አልልም። ሦስቱም ከ1.4 እስከ 1.7 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ባለ 15.6 ኢንቹ ብዙ ጊዜ ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ከዶርም ወደ ክፍል፣ ከክፍል ወደ ላይብረሪ ቀኑን ሙሉ የምትይዘው እሷ ናት፤ 14 ኢንች ይሁን። ከዚያ ያነሰው ስክሪን ለንባብና ለኮድ ይጠባል። የስክሪኑን ጥራት ግን ይጠይቁ። 1920 በ1080 ይሁን። ቲ480 አንዳንዱ በ1366 በ768 ስክሪን ነው የመጣው፤ ፊደሉ ይሻክራል፣ ከጎን ሲያዩትም ይጠቁራል።

ዋናው ሥራ ሱቁ ውስጥ ነው። ያገለገለ ዕቃ በስም አይገዛም፤ ተፈትኖ ነው የሚገዛ። ከሰፈር አንድ የኮምፒውተር ተማሪ ቢያስከትሉ ጥሩ፤ ባይኖርም የምነግርዎትን በሙሉ ራስዎ ያደርጉታል። ጊዜ ይዘው ይሂዱ። ባለሱቁ «ቶሎ በሉ» ካለ ዕቃውን መልሱለት።

መጀመሪያ ቻርጀሩ ይነቀልና በባትሪ ይከፈት። ቪዲዮ ይክፈቱበትና ሌላውን እስኪፈትሹ ይሂድ። ሲጀምሩ ፐርሰንቱ ስንት እንደነበር ይያዙ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ100 ወደ 60 ከወረደ ባትሪው አልቋል። ከዚያ «የባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» ይበሉ። ዊንዶውስ ራሱ የሚያወጣው ነው፤ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያወጣዋል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ይፈልጉ። ዲዛይን ካፓሲቲ የሚለው ባትሪው አዲስ ሳለ የሚይዘው ነው። ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ የሚለው አሁን የሚይዘው ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 60,000፣ ሁለተኛው 45,000 ቢሆን ባትሪው ሦስት አራተኛው አለ ማለት ነው፤ ጥሩ ነው። እኔ ከ70 ከመቶ በላይ ከሆነ እወስዳለሁ። ግማሽ አካባቢ ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ጠይቄ ከላፕቶፑ ዋጋ ላይ አስቀንሳለሁ። ቲ480 ሁለት ባትሪ ስላለው ሁለት ቁጥር ያሳያል፤ አንዱ ውስጥ ነው፣ አንዱ ከውጭ ያለ ብሎን ይነቀላል። ለመብራት ችግር ይህን ስለምወድለት ነው ስሙን ያስቀደምኩት።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ይግቡ። የፕሮሰሰሩ ሙሉ ስም ከነቁጥሩ እዚያ አለ፤ ስቲከር ሊለጠፍ ይችላል፣ ይህን ይመኑ። ሜሞሪ ሲሉት ራሙ ስንት እንደሆነና ከሁለት ቦታ ስንቱ እንደተያዘ ይነግርዎታል። ዲስኩ ላይ ኤስኤስዲ የሚል ጽሑፍ መኖር አለበት። ኤችዲዲ ካለ አሮጌው የሚሽከረከረው ዲስክ ነው፤ ማሽኑን ከሁሉ በላይ የሚያዘገየው እሱ ነው።

ከዚያ ኖትፓድ ከፍተው እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ። አንዱም አይዘለል። ከአውሮፓ የመጡት የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ኪቦርድ ይኖራቸዋል፤ ፊደሉ ቦታው ይለያል። አንዳንዶቹ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ስቲከር ተለጥፎባቸው ይሸጣሉ፤ ስቲከሩ በወራት ውስጥ ይላጣል። የአሜሪካ ወይም የእንግሊዝ ኪቦርድ ያለውን ይምረጡ። አማርኛ ለመጻፍ ለየት ያለ ኪቦርድ አያስፈልግም፤ ኪማን የሚባለው ፕሮግራም በነጻ ይጫናል።

ነጭ ገጽ ይክፈቱና ብርሃኑን እስከ ጫፍ ይጨምሩ። ነጭ ነጭ የሚያበሩ ቦታዎች ካሉ ስክሪኑ ተጨቁኗል። ስክሪኑን ቀስ ብለው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያንቀሳቅሱት። ብልጭ ድርግም ካለ ኬብሉ ተጎድቷል። ማጠፊያው ሲከፈት ድምፅ ካሰማ ወይም የክዳኑ ጠርዝ ከተከፈተ አይግዙት። የላፕቶፑ ሆድ ወይም መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ እብጠት ካለው ባትሪው አብጦ ሊሆን ይችላል፤ እሱ አደገኛ ነውና እንዲሁ ይተዉት። ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩንና እያንዳንዱን የዩኤስቢ ቀዳዳ በፍላሽ ይሞክሩ። ቻርጀሩንም ሰክተው ገመዱን ወዝወዝ ያድርጉት፤ ቻርጁ ከተቆራረጠ መሰኪያው ልል ነው።

አብዛኛው ሰው የማያየው ነገር ደግሞ መቆለፊያው ነው። እነዚህ ላፕቶፖች የድርጅት ስለነበሩ አንዳንዶቹ አሁንም በድርጅቱ ስም ታስረዋል። ዛሬ ምንም አይታይም። ከወራት በኋላ ልጅዎ ዊንዶውሱን ስታድሰው ግን የማታውቀውን የድርጅት ኢሜይል ይጠይቃታል። ይህን ለማወቅ አንድ መንገድ አለ፦ ዊንዶውሱ እርስዎ ፊት ከአዲስ ይጫን፤ ሲጀምርም ዋይፋይ ይገናኝ። የድርጅት ስም ካልመጣ ነጻ ነው። ኢንተርኔት ካልተገናኘ አይታይም፤ «ኢንተርኔት አያስፈልገውም» የሚል ካለ ይጠርጥሩት። ሌላው የባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ የራሱ ቅንብር፣ ፓስወርድ ነው። ሲነሳ በቲንክፓድ ኤፍ1፣ በዴል ኤፍ2፣ በኤችፒ ኤፍ10 ይጫኑ። ፓስወርድ ከጠየቀ ባለሱቁ ያጥፋልዎት። ማጥፋት ካልቻለ ዕቃው ይቅር።

የእህትዎን ነገር ላንሳ። ማክቡክ መጥፎ አይደለም። ኤም1 የተባለው የአፕል ፕሮሰሰር ያለው ማክቡክ ኤር ከ1.3 ኪሎ አይበልጥም፤ ባትሪውም ብዙ ይቆያል። ነገር ግን ኢታብስ፣ ሬቪትና የካርታ ሥራ የሚሠራበት አርክጂአይኤስ ፕሮ በማክ አይጫኑም፤ ሲቪል ብትገባ ላብ ውስጥ ልትሰለፍ ነው። ራሙም ማስቀመጫውም የተበየደ ነው። ስክሪኑ ቢሰበር የሚከፍሉት ገንዘብ ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ይችላል። የቆየው ኢንቴል ማክቡክ ደግሞ ከነጭራሹ አይምጣ።

እህትዎ መርዳት ከፈለጉ እንዲህ ይበሏቸው፦ ከላይ የጻፍኳቸውን ሞዴሎች እዚያው ይፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ አምራቾቹ ራሳቸው ጭምር አድሰው የሚሸጡበት መንገድ አለ፤ «ሪፈርቢሽድ» ብለው ይጠይቁ። የሚመጣ ሰው ካለ በእጅ ይላክ። ኦሪጅናል ባለ 65 ዋት ታይፕ ሲ ቻርጀርና አንድ 8 ጊጋ ዲዲአር4 የላፕቶፕ ራም ቢጨምሩበት ልጅቱ እስክትመረቅ ይበቃታል። ትርፍ ባትሪ ከተላከ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም፤ መንገደኛው ይህን ይወቅ። የእርስዎ 40 ሺህም ለሌላው ወጪዋ ይተርፋል።

እዚህ ከገዙ ግን 40 ሺህውን በሙሉ ላፕቶፑ ላይ አያውሉት። ዋጋው ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ሦስት አራት ሱቅ ይጠይቁ፤ ከብሩም የተወሰነ ይያዙ። ከቦርሳ በፊት ጥሩ ዲቫይደር ይግዙላት፤ ከፍተኛ ኃይል ሲመጣ የሚቆርጠውን ዓይነት። ዶርም ውስጥ ሶኬት ጥቂት ነው፣ ብዙ ሰው ይሰካበታል፣ መብራትም ይሄዳል ይመጣል። ላፕቶፑን የሚጎዳው ብዙ ጊዜ መጥፋቱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ነው። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከሶኬት ትንቀል፤ ተመልሶ ከተረጋጋ በኋላ ትሰካው። ኮፒ ቻርጀር አይግዙ፤ ከማያቸው የተቃጠሉ ቦርዶች ብዙዎቹ ከእሱ ጋር የመጡ ናቸው። አልጋ ላይ፣ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣ አትሥራበት፤ አየር የሚያስገባበት ከሥር ነው።

ፋይሏንም አንድ ቦታ ብቻ አታስቀምጥ። አሳይንመንት ስትጨርስ ለራሷ በቴሌግራም ትላከው፤ ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

ሲከፍሉ ደረሰኙ ላይ ሞዴሉ፣ ሲሪያል ቁጥሩና የጋራንቲው ጊዜ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ጋራንቲ አይቁጠሩት። ሲሪያሉ ከላፕቶፑ ሥር አለ፤ ደረሰኙ ላይ ካለው ጋር ያመሳክሩት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ላፕቶፕን በር ላይ በሲሪያሉ ይመዘግባሉ፤ ስትወጣም ከመታወቂያዋ ጋር ያዩታል፤ የራሷ መሆኑን የምታሳይበት ወረቀት ያስፈልጋታል። ደረሰኙንም ሲሪያሉንም ፎቶ አንስተው አንድ ቅጂ በእርስዎ ስልክ ላይ ያስቀሩ። ብሩን ከመክፈልዎ በፊት ደግሞ የባትሪ ሪፖርቱንና የታስክ ማናጀሩን ፎቶ ቢልኩልኝ አይቼ «ይውሰዱት» ወይም «ይተዉት» እልዎታለሁ።